የወንዝ ዳሩ መንገድና የልጆቻችን ብስክሌት

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ)



የዛሬው አጀንዳችን አንድ ነው፤ እሱም የብስክሌት ጉዳይ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እድር ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ሳይክል የሚሰበሰበው?» ማለታችሁን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳለን።

እንደምታውቁት ባለፈው ክረምት የሠፈራችን ልጅ፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ፣ ዋናው አስፋልት ላይ ሳይክል ሲለማመድ ሚኒባስ ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል፤ ዛሬ ይራመዳል። ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ወዲህ በየግቢው ያለው ሳይክል ተቆልፎበታል። አንዱ ከቆርቆሮ ሥር ዝጓል፣ የሌላው ጎማ ተንፍሶ ቀርቷል። ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን እኮ ልጆቹ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ሁላችንም እናያለን፤ ስልክ ላይ እንዳቀረቀሩ ይመሻል።

ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተነጋግሯል። የደረስንበትም ሐሳብ፣ ጥፋቱ የሳይክሉ ሳይሆን የቦታው ነው የሚል ነው። መኪናና ሳይክል አንድ መንገድ ላይ ሲጋፉ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ የታወቀ ነው። በመሆኑም መፍትሔው ሳይክሉን መቆለፍ አይደለም፤ መኪና ወደማይደርስበት ቦታ መውሰድ ነው። ቦታው ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ከደጃችን ሥር ነው።

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተነሥቶ ከተማውን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ለብዙ ዓመት ይህን ወንዝ የምናውቀው በመጥፎ ጠረኑ ነበር፤ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር ድልድዩን የሚሻገረው። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ይለማል ተባለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። በትልልቅ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተሰመረ፤ በወንዙም ዳር ሰው በእግሩና በሳይክሉ የሚሄድበት መንገድ ተሠራ፣ ዛፍና አበባ ተተከለ።

እዚህ ላይ ሳንናገረው የማናልፈው ነገር አለ። ዛሬ ንጣፍ የተነጠፈበት ቦታ ትናንት የጎረቤቶቻችን ቤት የነበረበት ነው። ከወንዙ ዳር የተነሡት አባሎቻችን አሁን ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ለቀብርና ለወር መዋጮ ሁለት ታክሲ እየያዙ ይመጣሉ። አብረን ቡና የጠጣንበት ግቢ አሁን የሣር መደብ ሆኗል። ይህን እያወቅን መንገዱን ዝም ብለን ከሩቅ ብናየው፣ ይባስ ብሎም የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቢመለስ፣ ለእነሱም ለእኛም ሁለት ጊዜ ማጣት ይሆናል። ስለዚህ የምናቋቁመው የሳይክል ጨዋታ ለእነሱም ልጆች ነው። በመዝገባችን ላይ ስማቸው ከእኛ ልጆች እኩል ይሰፍራል።

አንዳንድ አባላት «በአስፋልቱ ዳርም እኮ የሳይክል መስመር አለ፣ ለምን እዚያ አይነዱም?» ብለዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የአስፋልቱ ዳር መስመር መንዳት ለሚያውቅ፣ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሞተር ሳይክል ይገባበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስም ከመኪና ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ገና ሚዛን ያልጠበቀ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ከፊት ጎማው አይነሣም። ለእሱ የሚሆነው ቢወድቅ ጉልበቱ ብቻ የሚላጥበት ቦታ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ወንዝ ዳር ይልመድ፣ አስፋልቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጨዋታውም ቢሆን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። እድራችን ድንኳን የሚተክለው ለማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ስኳርና ደም ግፊት የወሰዱብን ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለቀብር የምንተባበር ሰዎች ለጤናም ብንተባበር ነውሩ የት ላይ ነው? ሳይክል ለጉልበት አይከብድም፤ ክብደታችንን የሚሸከመው ኮርቻው ነውና ለአዋቂም ይመቻል።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ነገር እንበል። «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ወጥታ ምን ልትሆን ነው?» የሚል ቃል በሠፈራችን ይሰማል። ባሕር ዳርና ሐዋሳን ያየ ሰው ይህን አይልም። እዚያ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም ሠራተኛውም፣ ወንዱም ሴቱም በሳይክል ይሄዳል። በ1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነው፤ ገረመው ደንቦባም ከብስክሌተኞቹ አንዱ ነበር። ሳይክል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ታዲያ ዛሬ ለሴት ልጆቻችን የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ከተማችን ግን እንደ ባሕር ዳር ሜዳ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ ደንቡ፣ ሲኬድ ሽቅብ፣ ሲመለሱ ቁልቁል ነው። ጉልበት ሳለ ዳገቱን እንወጣለን፣ ሲደክመን ቁልቁለቱ ይመልሰናል። ዳገቱ ላይ ወርዶ ሳይክሉን መግፋት ነውር አይደለም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት የያዘ ሰው በአፍጢሙ ይተከላል፤ ሁለቱንም ቀስ አድርጎ መያዝ ነው።

ሌላው የክረምት ነገር ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ያን ጊዜ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል። ውኃው ደፍርሶ ሲጨምር ከታየ ወይም ወደ እንጦጦ ከጠቆረ፣ የዚያን ቀን ሳይክል የለም። በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባዔው አቅርቧል፤

1ኛ/ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል የልጆች የሳይክል ሰዓት ይሆናል። እሑድን የተውነው ለጸሎት የሚሄዱ ስላሉ ነው።

2ኛ/ በየሳምንቱ ሁለት እናቶችና ሁለት አባቶች ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሆናል፤ ሁለቱ መውጫው ላይ ቆመው ልጅ ወደ አስፋልት እንዳይወጣ ያያሉ።

3ኛ/ ከሠፈር እስከ ወንዙ መውረጃ ድረስ ሳይክል ይገፋል እንጂ አይነዳም።

4ኛ/ በመንገዱ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው። አዛውንት ወይም ሕፃን ሲታይ ደወል መደወል፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ካስፈለገም መውረድ ግዴታ ነው።

5ኛ/ ፍሬኑ ያልተፈተሸ ሳይክል አይወጣም። የሠፈራችን ጎሚስታ የልጆቹን ካላማዳሪ ያለ ዋጋ እለጥፋለሁ ብሎልናል፤ ተባረክ ብለነዋል።

6ኛ/ ሲመለሱ እያንዳንዱ ልጅ በመንገዱ ያገኘውን የውኃ ፕላስቲክና ፌስታል ለቅሞ ይመጣል። ቦታውን የተጠቀመበት ይጠብቀዋል።

7ኛ/ ልጆቹ በደንብ ሲለምዱ፣ ወላጅ ሲፈቅድ፣ በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አንድ ቀን ይወሰዳሉ። እዚያም የብስክሌት መንገድ አለ።

ስለ ገንዘቡ ጭንቀት እንዳለ ሰምተናል። የቀብር ገንዘብ አይነካም። አንድ ሳንቲም አይነካም። በየግቢው ተቆልፈው ያሉትን ሳይክሎች ነው የምንጠይቀው። እስካሁን ሰባት ቤቶች ለቅዳሜ እናውሳለን ብለዋል። ልጆቹ ግን ከ30 ይበልጣሉ። ስለዚህ በዙር ይሆናል፤ እኛም በልጅነታችን በየሜዳው በዙር እየተከራየን አይደል የለመድነው! ልዩነቱ የዛሬው ኪራይ የለውም። ሳይክል ያለውም የሌለውም ልጅ እኩል ዙር ያገኛል።

ያንን የተጎዳውን ልጅ በተመለከተ፣ እናቱ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል። ነገር ግን «መጀመሪያ መንገዱን እኔ ራሴ በእግሬ ሄጄ ልየው» ብለዋል። ትክክል ናቸው። ሌሎቻችሁም እንደሳቸው አድርጉ፤ ልጅ ከመላካችሁ በፊት ወርዳችሁ እዩት። የጎደለ ነገር ካለ፣ የተነሣ ንጣፍ ወይም ያልታጠረ ገደል ካለ፣ ለኮሚቴው አስታውቁ፤ እኛም ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ እናቀርባለን።

ስም ማስመዝገብ የምትፈልጉ፣ ሳይክል የምታውሱና ተራ የምትገቡ ወላጆች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ታገኛላችሁ። ርቀው ለሚኖሩ አባሎቻችን የምታውቋቸው ሰዎች ወሬውን አድርሱልን። ቅዳሜ በ9 ሰዓት መውረጃው ላይ እንገናኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው