መርጡለ ማርያምን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት



ዐምና የዕረፍት ጊዜዬን ለማሳለፍ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ አዊ በሄድሁ ጊዜ፥ ከእንጅባራ ተነሥቼ በደብረ ማርቆስና በቢቸና በኩል አድርጌ መርጡለ ማርያምን ተሳልሜ ነበር። ስመለስ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች እንጅባራ ለሚኖሩት አጎቴ አንድ ባንድ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ሁሉንም ከተመለከቱ በኋላ፤ «አንተን አየሁህ፥ ጓደኞችህንም አየኋቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ወዴት ነው?» አሉኝ። አፈርሁ። በእውነትም የፈረሰው ግድግዳ ከትከሻችን በላይ ብቅ ብሎ ይታያል እንጂ፥ የተቀረጸው ድንጋይ ሁሉ በጀርባችን ተሸፍኖ ቀርቶአል።

የተሸፈነው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር ልናገርና፥ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ በዚህ ስፍራ ስመ ጥር ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ፥ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት በዚያው ስፍራ በጥርብ ድንጋይና በኖራ ሌላ ሕንፃ አነጹ። ግን ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 የአገሩን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ካህናቱ ከአገር ወጡ። ስፍራው ግን የኦርቶዶክስ ገዳም ሆኖ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በጐጃም ተቀምጦ ሳለ ፍርስራሹን አይቶ የጻፈው መግለጫ በ1847 ታትሞአል። በቅስቱና በግድግዳው ላይ የአበባና የሐረግ ቅርጽ አለ፤ ዝናምና ፀሐይ ግን በየዓመቱ ይወርድበታል።

በጣና ሰሜን ዳር በጎርጎራ የሚገኘው፥ እነዚሁ ካህናት ያሠሩት ማርያም ግምብ ምን እንደ ደረሰበት ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በ1930ዎቹ ዓመታት የተነሣውን ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው፥ ዛሬ ወድቆ የሚገኘውን ክፍል ቆሞ ያየዋል።

ስለዚህ ዘንድሮ ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። የገዳሙን አባት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም የፈረሰ ግድግዳ ምን ያደርግልሃል ብለው ጥቂት ከተገረሙ በኋላ ፈቀዱልኝ። ዐምና በቀትር ስላነሣሁት ቅርጹ ሁሉ ልሙጥ መስሎ ነበር። ዘንድሮ ግን በማለዳ፥ ፀሐይ ገና በጐን ስትመታ ጀመርሁ፤ ጥላው ወደየጐድጓዳው ስለሚገባ አበባው ከድንጋዩ ብድግ ብሎ ይወጣል። አስቀድሜ ግድግዳውን ሙሉውን ከሩቅ፥ ከዚያም እየቀረብሁ ክፍሉን ባንድ ባንድ አነሣሁ። መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ክንድ የሆነች በትር ከየድንጋዩ አጠገብ አቆምሁ። ቀኑንና ግድግዳው የሚመለከትበትን አቅጣጫ በደብተር ጻፍሁ። ቀንና ቊጥር የሌለው ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ቢመጣ ምን እንደምንለው እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እናውቃለንና!

ሲመሽ አጎቴ ዘንድ ደረስሁ። በዚህ ጊዜ ፎቶግራፎቹን ቀስ ብለው አዩ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን በአበባው ቅርጽ አጠገብ ባለች ቀጭን ስንጥቅ ላይ አኖሩና፤ «ይህችስ ከርሞም ይህንኑ ያህል ትሆን ይሆን?» አሉኝ።

«በትሯ አብራ ስላለች ከርሞ ሄዶ መለካት ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው እኔንም ውሰደኝ» አሉ።