በቁሙ ሙሾ የወረደለት ሰው

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የሙዚቃ ክፍል ዛሬ ማታ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ብዙም ሳላስብ እሺ አልሁ። ርእሴን ከነገርኋቸው በኋላ ግን አንዳንድ ጓደኞቼ «የራሳችን ስንት ዜማ እያለ ስለ እንግሊዞች የሮክ ሸክላ ምን አናገረህ?» ብለው ወቅሰውኛል። ወቀሳቸው መሠረት የለውም አልልም። ዳሩ ግን ይህ ሸክላ የሚናገረው ስለ እንግሊዝ አገር ሳይሆን ከመካከላቸው ስለ ጠፋ ጓደኛ ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ የቀረ፣ ሳምንት ሳይሞላ አልጋው ለሌላ የተሰጠ፣ ከዚያም ወዲህ ስሙ ያልተነሣ ተማሪ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ርእሱን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሸክላው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ይባላል፤ በቋንቋችን «ምነው እዚህ በነበርህ» እንደ ማለት ነው። ፒንክ ፍሎይድ የሚባሉት የሎንዶን ሙዚቀኞች ያወጡት በሴፕቴምበር ወር 1975 ዓ.ም. ነው። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።) በጠቅላላው 44 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን የያዘው አምስት ዘፈን ብቻ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለሁለት የተከፈለ አንድ ዘፈን ስለሆኑ፣ በትክክል ለሚቈጥር ሰው አራት ብቻ ናቸው።

ስለ ዘፈኖቹ ከመናገሬ በፊት ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ሲድ ባሬት የካምብሪጅ ከተማ ልጅ፣ ሥዕል የተማረ፣ መልከ መልካም ወጣት ነበር። ለጓዶቹ «ፒንክ ፍሎይድ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው እርሱ ነው፤ ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፋኞች ስም ላይ ወስዶ ማለት ነው። በ1967 የወጣውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ከሞላ ጐደል የደረሰው እርሱ ነበር። በዚያው ዓመት ግን አእምሮው ይታወክ ጀመር። ኤል.ኤስ.ዲ. የሚባለውን አእምሮ የሚያናውጥ መድኃኒት አብዝቶ መውሰዱ ነው የሚሉ አሉ፤ ሕመሙ ድሮም የነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ ዝናው ከብዶት ነው የሚሉም አልጠፉም። በመድረክ ላይ ቆሞ ጊታሩን የማይነካበት ምሽት መጣ። በ1968 መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ ለሙዚቃ ዝግጅት በመኪና ሲሄዱ «ሲድን እንውሰደው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ይቅር ተባባሉና ሳይወስዱት አለፉ። ከቡድኑ የወጣው እንዲህ ነው። ያባረረው የለም፤ የተጻፈለት ደብዳቤ የለም፤ መኪናው በበሩ አልቆመም፣ ይኸው ነው። በቦታው የገባው ዴቪድ ጊልሞር የተባለው ጊታር መቺ ከልጅነቱ ጀምሮ የሲድ ወዳጅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘፈኖቹ ልምጣ።

የመጀመሪያው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ነው። ስሙ እብድ አልማዝ የተባለውን ሰው አብራ፣ ድመቅ እያለ የሚማጠን ነው። በሸክላው መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን አንድ ላይ ብንደምረው 26 ደቂቃ ይሆናል። ሲጀምር አንዳች የሚያንሳፍፍ ድምፅ ይሰማል፤ ከፊሉ በረጠበ ጣት የወይን ብርጭቆ አፍ ሲታሽ የሚሰጠው ድምፅ ነው። በዚያ ላይ የሪቻርድ ራይት ኦርጋንና ሲንተሳይዘር እንደ ጧት ጉም ይጐተታል። ቈይቶ ቈይቶ ጊልሞር በጊታሩ አራት ድምፅ ያሰማል። አራት ብቻ! እነዚህን አራት ድምፆች ሲለማመድ ድንገት እንዳገኛቸው፣ ሮጀር ዋተርስም ሰምቶ ልቡ እንደ ተነካና ስለ ሲድ መጻፍ እንደ ጀመረ ይነገራል። የሰው ድምፅ የሚሰማው ስምንት ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው።

ብዙዎቻችሁ በዚህ እንደምትሰለቹ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው መርፌውን አንሥቼ ወደ ፊት ያሻገርሁበት ጊዜ አለ። ኋላ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ፤ በገና ደርዳሪም ቢሆን ቃሉን ከማውጣቱ በፊት አውታሩን ረጅም ጊዜ ይነካካል፤ እኛም ዝም ብለን እንጠብቀዋለን እንጂ «ቶሎ በል» አንለውም። ትዝታ ሲሰማ ያደገ ጆሮ በአራት ድምፅ መመላለስ ሊሰለች አይገባውም። ስምንቱ ደቂቃ የጠፋውን ሰው መጠበቂያ ነው። ይመጣል እያልን እንጠብቃለን፤ በመጨረሻ የሚመጣው ግን የእርሱ ድምፅ ሳይሆን ስለ እርሱ የሚናገር የዋተርስ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብደኝን ጉዳይ ላንሣ። በአገራችን ሙሾ የሚወርደው ለሞተ ሰው ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ቤተሰቡ ቢሰማ አውራጁን በዱላ ያባርረዋል። ሲድ ባሬት ግን ይህ ዘፈን ሲቀረጽ ገና 29 ዓመቱ ነበር፤ በሕይወትም ነበር። ስለዚህ ፒንክ ፍሎይድ ያወረዱት የቁም ሙሾ ነው። ይህስ ተገቢ ነውን? ጓደኛን መኪና ውስጥ ሳያስገቡ ማለፍ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ አልቅሶለት ልቅሶውን መሸጥ? ሸክላው በእንግሊዝም በአሜሪካም ሽያጭ አንደኛ ወጥቷልና ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን ፈጽመው አልጣሉትም፤ በ1970 ሲድ ለብቻው ያወጣቸውን ሁለት ሸክላዎች በመቅረጽ ጊልሞር በሁለቱም፣ ዋተርስ በመጀመሪያው፣ ራይት በሁለተኛው ረድተውታል። ይሁንና ጥያቄው አይለቀኝም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘፈን ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ ምላሾች ናቸው የሚል አስተያየት አለኝ። እነዚህን ሁለት ዘፈኖች ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ ጊልሞር ራሱ ቢሆን ረጅሙ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ አዲስ ዘፈን እንዲገባ አልፈለገም ነበር። የዋተርስ ሐሳብ አሸነፈ፤ በእኔ ግምት ማሸነፉም ደግ ሆነ። ኀዘኑ ብቻ ተነጥሎ ቢቀርብ ኖሮ ጥሩ ልቅሶ ይሆን ነበር እንጂ ማን ገደለው የሚል ጥያቄ አያነሣም ነበር።

«ዌልካም ቱ ዘ ማሽን» በጩኸት ይከፈታል፤ የመኪና ትርታ የሚመስል የሲንተሳይዘር ድምፅ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል፤ በዚያ መካከል ተራ የእንጨት ጊታር ብቻውን ይመታል። ያ ጊታር ልጁ ነው፤ ትርታው የሙዚቃ ንግድ ነው። ልጁ ምን እንዳለመ አስቀድሞ የሚያውቅ ድምፅ እንኳን ደኅና መጣህ ይለዋል። ዘፈኑ የሚያልቀው በግብዣ ላይ በሚስቁ ሰዎች ጫጫታ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ሣቅ ነው። ስለዚህ ዘፈን ብዙ አልልም፤ በማታ መብራት አጥፍቶ መስማት ይበቃል።

«ሃቭ ኤ ሲጋር» ላይ ግን እከራከራለሁ። በዜማው ከአምስቱ ደካማው ነው፤ በጊታሩ ጐበዝ ቢሆንም ሌላ ማንኛውም የሮክ ቡድን ሊሠራው የሚችል ዘፈን ነው። ግጥሙ የሸክላ ኩባንያ ሰው ሙዚቀኞችን ሲጋራ እያጨሰ ሲያወዳድስ፣ ገንዘብ ሲያስጐመጅ የሚያሳይ ነው። ሰውየው ሙዚቃቸውን ይወድዳል፣ ስማቸውን ግን አያውቅም፤ «ፒንክ የምትባለው ማንኛችሁ ነህ?» ዐይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ ተራ ቀልድ ስስቅበት ኖሬአለሁ። በቅርቡ ግን ሰምና ወርቅ ያለው መሆኑ ገባኝ። ሰሙ የነጋዴው ደንቈሮነት ነው። ወርቁ ግን፣ ያን ስም ያወጣው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የለም። ነጋዴው ሳያውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ፤ የተጠየቁት ዝም አሉ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ይህን ዘፈን የሚዘፍነው ከአራቱ አንዱ አይደለም። የዋተርስ ድምፅ በረጅሙ ዘፈን ደክሞ ስለ ነበር፣ ጊልሞርም አልዘፍነውም ስላለ፣ በዚያው ስቱዲዮ የራሱን ሥራ ይቀርጽ የነበረው ሮይ ሃርፐር ተጠርቶ ዘፈነላቸው። ዋተርስ በኋላ ራሴ ብዘፍነው ይሻል ነበር ብሎ ተጸጽቷል። እኔ በዚህ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ስለ መጥፋት በሚናገር ሸክላ ላይ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለአምስት ደቂቃ ቢጠፉ ምን ይገርማል?

ነገር ግን ሁለቱም ዘፈኖች ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ብቻ ይጥላሉ። ያ በበሩ ያልቆመው መኪና የኩባንያው አልነበረም፤ የጓደኞቹ ነበር። ሸክላው በአራተኛው ዘፈን ባይከተለኝ ኖሮ ይህን ጉድለት ይቅር አልለውም ነበር።

አራተኛው የሸክላውን ስም የያዘው ነው። ሲጀምር አንድ ሰው የራዲዮ ጣቢያ ሲለዋውጥ ይሰማል፤ ከጣቢያዎቹ በአንዱ የቻይኮቭስኪ አራተኛ ሲምፎኒ ለቅጽበት ብልጭ ይላል። ከዚያ ባለ ዐሥራ ሁለት አውታር ጊታር ከሩቅ፣ እንደ ራዲዮ ቀጥኖና ታፍኖ ይመጣል። ቀጥሎ ሌላ ጊታር በአጠገባችን ይጀምራል፤ አንድ ሰው በክፍሉ ተቀምጦ ራዲዮ ውስጥ ካለው ጋር አብሮ ለመጫወት የሚሞክር ይመስላል። ሁለቱም የጊልሞር እጅ ናቸው። ሩቅ ያለው ይጫወታል፣ ቅርብ ያለው ይከተለዋል፣ አይገናኙም። በግጥሙም ዘፋኙ ሌላውን መጠየቅ ጀምሮ ጥያቄው ወደ ራሱ ይዞራል፤ እኛስ ከተሻለው ይልቅ የማይረባውን መርጠን የለምን ወደሚል ይደርሳል። ክሱ እዚህ ላይ ከነጋዴው ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። በበኩሌ ከአምስቱ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ በአምስት ደቂቃ ያህል የሚያልቅ መሆኑም አንዱ ምክንያቴ ነው።

ስለዚሁ ዘፈን በቅንፍ ያህል ልጨምር። ስመ ጥሩው የጃዝ ቫዮሊን ተጫዋች ስቴፋን ግራፔሊ በዚያ ሰሞን በስቱዲዮው ተገኝቶ በዘፈኑ ላይ ቫዮሊን ተጫውቶለት ነበር፤ በሸክላው ላይ ግን በጭንቅ ካልሆነ አይሰማም። የተቀረጸው በ2011 ወጥቶ ሰምቼዋለሁ። ያምራል፤ ሆኖም መቅረቱ ጥሩ ነበር። ብቸኝነቱን ያባብለዋል።

አሁን ደግሞ ስለዚህ ሸክላ ሁሉም የሚያወራውን ታሪክ እኔም ልንገራችሁ። በጁን 5 ቀን 1975፣ ሙዚቀኞቹ በሎንዶን አቤ ሮድ ስቱዲዮ ይህንኑ ሥራ ሲያጠናቅቁ፣ አንድ ወፍራም፣ ራሱንና ቅንድቡን የተላጨ ሰው ገብቶ ቆመ። ከሠራተኞቹ አንዱ መሰላቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲድ ባሬት መሆኑን ዐወቁ። ዋተርስ አለቀሰ ይባላል። እነሆ ምነው እዚህ በነበርህ እያሉ የሚዘፍኑለት ሰው እዚያው በመካከላቸው ቆሞ ሳለ አላወቁትም። እኔ ግን ታሪኩን የምሰማው ስለ ዕድል መገጣጠም አይደለም። ሙሾ አውራጁ ሟቹን በደጅ ቆሞ ቢያገኘው ሙሾውን ያቋርጣልን? እነርሱ አላቋረጡም፤ ሸክላው ወጣ። ቢያቋርጡ ደግሞ እኛ ዛሬ ማታ የምንሰማው አይኖረንም ነበር። ሁለቱንም አስቤ ፍርድ መስጠት አልቻልሁም።

የረጅሙ ዘፈን ሁለተኛ ክፍል ሸክላውን ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር በመካከሉ ይንዛዛል፤ አራት ደቂቃ ቢቀነስለት የሚቆጭ አይመስለኝም። መጨረሻው ግን የራይት ነው፤ ሌሎቹ እየተዉት ሄደው በዝግታ ብቻውን ይጫወታል። ሊያልቅ ሲል ሲድ በ1967 የደረሰውን «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» የሚባል ዘፈን ዜማ በጣም በቀስታ ያነሣል። ቃል የለውም፤ ያላወቀው ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ለወዳጁ የራሱን ዜማ መለሰለት። ከ26 ደቂቃው ሁሉ ከልብ የመጣ ነው ብዬ የማምነው ይህን ነው።

አራቱ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ የተጫወቱት በጁላይ 2 ቀን 2005 በሎንዶን ሃይድ ፓርክ ነበር፤ ይህም በእኛ አገር ረሀብ ምክንያት በ1985 ከተደረገው የላይቭ ኤይድ ዝግጅት 20 ዓመት ሲሞላ የተሰናዳ ነው። ምነው እዚህ በነበርህ የሚለውን ሲዘፍኑ ዋተርስ የሲድን ስም ጠርቷል። ሲድ በካምብሪጅ በዓመቱ፣ በጁላይ 2006፣ በ60 ዓመቱ ዐረፈ። ሙሾው ከሞቱ 31 ዓመት ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ራይትም በ2008 ተከተለው።

እንግዲህ ሸክላውን አሁን እናጫውታለን። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች እስኪያልፉ ማንም ባይነጋገር፣ በሩ አጠገብ ያላችሁም ባትወጡ ደስ ይለኛል። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ቦታ ልቀቁለት።