ዊንዶውስ 11፦ እንሻገር ወይስ እንቆይ?

እሷ፦ የኮሎምበስ አድማጮቻችን፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። እኔ ቶሎ ወደ 11 እንሻገር ባይ ነኝ።

እሱ፦ ቆይ እስቲ! የሚሠራ ኮምፒውተር ምን አጠፋ? የእኔ እኮ አሁንም ይከፈታል።

እሷ፦ መከፈቱንማ ይከፈታል። የደኅንነት ማሻሻያ ካልመጣለት ግን በር ሳይቆልፉ እንደመተኛት ነው። የባንክ ሒሳብህን የምታየው በእሱ አይደል?

እሱ፦ በእሱስ ልክ ነሽ። ግን 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ብዙ አሮጌ ማሽን ይኼ የለውም። ለዚህ ብዬ አዲስ ልግዛ?

እሷ፦ አትቸኩል። እስከ ኦክቶበር 2026 የሚያደርስ የደኅንነት ማሻሻያ ማራዘሚያ አለ፤ በ30 ዶላር፣ ወይም ሴቲንግህን ከማይክሮሶፍት አካውንትህ ጋር ካመሳሰልክ በነፃ።

እሱ፦ ሊኑክስስ? ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል።

እሷ፦ ለለመደው አዎ፤ ለእናቴ ግን አልመክርም።

እሱ፦ አማርኛችንስ?

እሷ፦ የአማርኛ ኪቦርድ 11 ላይም አለ።

እሱ፦ እንግዲህ ተረታሁ። ኮምፒውተር የሌላችሁ፣ የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ላይብረሪ በነፃ ያስጠቅማል።

እሷ፦ የምትሻገሩ ደግሞ አስቀድማችሁ ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ!