ዝም ብሎ የሚጠብቅ ቪዲዮ፦ አሳታፊ ምስልና የሕፃናት የመተረክ ችሎታ



በሮቢት ባደግሁበት ዘመን፣ ቀን ከማሽላው ማሳ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘን ወፍ ስንጠብቅ እንውልና ማታ ተረት እንጠብቅ ነበር። አያቴ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን ካልመለስን አይቀጥሉም። እሳቸው ሲጨርሱም ተራው የእኛ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚያው ስሄድ፣ የስድስት ዓመቷ የእህቴ የልጅ ልጅ በእናቷ ስልክ የጅብና የጦጣ ተረት ስትመለከት አገኘኋት። ደጋግማ ያየችው ነው። «እስቲ ንገሪኝ» ብላት «ጅቡ ሮጠ» ብላ ዝም አለች። መልሼ ከፈትሁትና ጅቡ ከጦጣዋ ደጃፍ ሲደርስ አቆምሁት። «አሁን ጦጣዋ ምን ታድርግ?» መጀመሪያ ስልኩ እንዲመልስላት ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅሁ። ከዚያ ጦጣዋን ማማ ላይ አውጥታ፣ ወንጭፍ አስይዛ፣ ጅቡን እስከ ጎሊና ወንዝ አሳደደችው። በቪዲዮው ውስጥ ማማም ወንጭፍም የለም።

የአንዲት ልጅ ነገር ጥናት አይባልም። ሆኖም ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ክፍት ጥያቄ እየጠየቁ የልጁን መልስ ሲያሰፉለት፣ የሕፃናቱ የንግግር ችሎታ ከሌሎቹ ይልቅ ማደጉን አሳይተዋል። የቪዲዮም ነገር ከዚህ አይርቅም። «አሳታፊ» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ግን ልጁን ከሁለት ምስሎች አንዱን እንዲነካ ብቻ ይጠይቀዋል። መንካት መምረጥ ነው፤ መተረክ ግን ያልታየውን በቃል ማምጣት፣ የፊተኛውን ድርጊት ከኋለኛው ጋር በ«ስለዚህ» ማያያዝ ነው።

አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተርቱ፣ በየቤቱ ያለውን ልጅ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ያነጋግሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ ቀጭኔዋን ፀሐይን በአማርኛ አናግሮ ለሕፃናት አቀረበልን። ሁለቱም የተመልካቹን ልጅ ድምፅ መስማት አይችሉም ነበር።

ዛሬ ስልክ መቆምም መቅዳትም ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ኔትወርክ አያሻውም። ስለዚህ የተማሪዎቼን ስክሪፕት ሳርም መጀመሪያ የምፈልገው ቪዲዮው የሚቆምበትን ቦታ ነው። ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚያልቅ ከሆነ ስክሪፕቱን እመልሰዋለሁ። የልጁም ትረካ ይቀዳ፤ ቀኑን እንጀራ ስትጋግር የዋለች እናት ማታ ትሰማዋለች።

እኔ ግን ያን ቀን አልቀዳሁም። በማግሥቱ «የትናንቱን ድገሚልኝ» ስላት፣ ጅቡን ወደ ጎሊና መስደዱን ትታ ወደ ዞብል ተራራ ሰደደችው።