ስለ መኪና የጣራ መስኮትና ስለ ነፋስ ማዞሪያው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የግድብና የድልድይ ነገር በሚነሣበት ጉባኤ ላይ ስለ አንዲት የቤት መኪና ጣራ ልናገር መቅረቤ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገሩ የጀመረው ግን ከጆሮ ሕመም ነው። በውጭ አገር ያገለገለች አንዲት አነስተኛ መኪና ገዛሁ። የቀድሞ ባለቤቷ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ጣራዋን አስቆርጦ፣ በተለምዶ ሰንሩፍ የሚባለውን ተንሸራታች የመስተዋት መስኮት አስገጥሞባታል። ከተማ ውስጥ ደስ ታሰኛለች። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ጣራውን ከፍቼ ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ግን ውስጧ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች። እኔም ከኋላችን የመጣውን የከባድ መኪና ክላክስ የሰማሁት አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን «ነፋስ ገባ» ብሎ ያልፈዋል። እኔም መጀመሪያ ያልሁት ይህንኑ ነው፤ ስሕተቴም የጀመረው ከዚሁ ላይ ነው።

ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ በስሱ እፍ ሲሉበት እንደሚጮኽ ሁላችንም በልጅነታችን ሞክረነዋል። በጠርሙሱ አንገት ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው ደግሞ እንደ ሞላ ሆነው አብረው ይወዛወዛሉ። ይህን ባሕርይ በስፋት ያጠናው ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ሄልምሆልዝ (1821–1894 እ.ኤ.አ.) ነው። ጣራዋ የተከፈተ መኪናም ትልቅ ጠርሙስ ናት። የውስጧ ይዘት 3 ሜትር ኩብ፣ የጣራው ክፍት ቦታ ወርዱ 80፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ ውዝዋዜው በሴኮንድ 24 ጊዜ ገደማ ይሆናል። የላሜራውና የመስተዋቱ መለጠጥ ሲታከልበት ወደ 20 ዝቅ ይላል። ይህ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ድምፅ የመጨረሻው ወፍራም ወሰን ነው፤ ስለዚህም ከድምፅነቱ ይልቅ በጆሮ ታምቡርና በደረት ላይ በሚያሳድረው ግፊት ይታወቃል። መጠኑም ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል።

እፍ የሚለው ማን ነው? በጣራው ላይ የሚፈሰው አየር ከክፍቱ ቦታ የፊት ጠርዝ ሲለቅ ትናንሽ አዙሪቶች ይፈጥራል። አዙሪቶቹ ተጉዘው ከኋላው ጠርዝ ጋር ሲጋጩ የሚነሣው የግፊት ሞገድ ወደ ፊት ተመልሶ ቀጣዩን አዙሪት ያስነሣል። እንግሊዛዊው ሮሲተር በ1964 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አካል ላይ ስላሉ ጉድጓዶች ባሳተመው ጥናት ለዚህ ዑደት ስሌት አውጥቶለታል። በዚያ ስሌት መሠረት በ40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ላይ አዙሪቶቹ በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚመቱት የመኪናው ፍጥነት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። የአዙሪቱ ምትና የመኪናው የራሱ ውዝዋዜ እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ልጄም እዚህ ላይ አለቀሰች።

እንግዲህ የነፋስ ማዞሪያው ዋና ተግባር ነፋስ እንዳይገባ መከልከል አይደለም፤ የአዙሪቶቹን እኩል አመታት ማፍረስ ነው። ይህን ሳላጤን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪዎች ፕሌክሲግላስ ገዝቼ፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ማዞሪያ ሠራሁ። መልኩ ያማረ ነበር። በ70 ላይ ጸጥ አለ፤ «ተገላገልን» ስል በ90 ላይ ጩኸቱ ተመልሶ መጣ። ቀጥ ያለና ለስላሳ ጠርዝ አዙሪቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይበትነውም፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ጥቅል ሆኖ ይጓዛል። በጣራው ላይ የለጠፍኋቸው የሱፍ ክሮችም ሁሉም በአንድነት ሲነሡና ሲወድቁ ይህንኑ ነገሩኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ያንኑ ፕሌክሲግላስ በሴጌቶ እየቆረጥሁ፣ በሞረድ እያለሰለስሁ፣ ርቀታቸው እኩል ያልሆነ ጥርሶች አወጣሁለት። መልኩ አስቀያሚ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ክሮቹ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ተንቀጠቀጡ፤ ከበሮውም ወደ ተራ የነፋስ ሹክሹክታ ተለወጠ። አንዳንድ ፋብሪካዎች በጣራው መክፈቻ ላይ ቀጥ ባለ ሰሌዳ ፈንታ መረብ የሚዘረጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፋብሪካው ማዞሪያውን የሚሠራው ለአንድ ሞዴል ለይቶ፣ በነፋስ ዋሻ ፈትኖ ነው። መስተዋቱም በመጀመሪያው ጭነት ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት እንዲቆም የሚያደርግ ፋብሪካ ብዙ ነው። በኋላ የተገጠመ ጣራ ይህ ዕድል የለውም። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ማዞሪያ የመኪናዋን የውስጥ ይዘትም ሆነ የጣራዋን ዝንባሌ አያውቅም። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞከረው ገንዘብ የማያስወጣው ዘዴ ነው፤ ይኸውም መስኮቱን እስከ እኩሌታ ብቻ መክፈት። ያን ጊዜ ሁለቱ ምቶች የሚገናኙት በ35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የነፋሱ ግፊት በ70 ላይ ከነበረው አንድ አራተኛ ብቻ ነው።

ስለ አገጣጠሙ ጥቂት ልበል፤ እኔን ከጩኸቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። አንድ ጋራዥ ጣራውን በስቶ በብሎን ሊያስርልኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን እንቢ አልሁ። የተበሳ ላሜራ ውሃ ያስገባል፤ ዝገቱም ከጣራው ጨርቅ በላይ ተደብቆ ስለሚያድግ የሚታየው ከረፈደ በኋላ ነው። በባለ ሁለት ፊት አረፋማ ማጣበቂያ ለጠፍሁት። ቀለሙ በአልኮል መጠረግ አለበት፤ ማጣበቂያውም ሙሉ ኀይሉን እስኪያገኝ ሦስት ቀን ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በማዞሪያው ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ3 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይስተካከላል፤ በጣራው ግንባር ላይ አየሩ ስለሚፈጥን እጥፍ አድርጌ አሰላሁት። ቢነቀል የሚያርፈው ከኋላ በሚመጣው ሰው መስተዋት ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ እዚህ የጸና ማጣበቂያ ቆላ ሲወርድ የበለጠ ሸክም እንደሚጠብቀውም መታሰብ አለበት። የጩኸቱ ፍጥነት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ የአየርን ግፊት አይደለምና።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ጥርሶቹ ሥራቸውን በሚገባ አይሠሩም፤ ምቱ በስሱ ይመለሳል። ለጊዜው የኋላውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደርጋለሁ።