በባሕር ዳር ያለ የጉድጓድ ውሃ ስለምን ጨው ይሆናል?

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ከዓይን ስለ ተሰወረ ነገር ነው፤ ይኸውም ባሕር ከመሬት በታች እየሰረገ በዳርቻው ያሉትን ጉድጓዶች የሚያበላሽበት ምክንያት ነው።

በባሕር ዳር ዝናም በዘነመ ጊዜ አሸዋው ይጠጣዋል፤ ጣፋጩም ውሃ ከታች ባለው የጨው ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። የባሕር ውሃ በጨዉ ምክንያት ከ1000 እጅ 25 እጅ ያህል ይከብዳልና። ይህንንም ባዶን ጊይበን የሚባል የሆላንድ የጦር መሐንዲስ በ1888፥ ሄርዝበርግ የሚባል ጀርመናዊም በ1901 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በየግላቸው መርምረው ገለጹት። ሒሳቡም እንዲህ ነው፤ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ቢል፥ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውሃ ይገኛል። እንግዲህ ሰው አብዝቶ ቀድቶ ከላይ 1 ሜትር ቢያጎድል፥ ጨዉ ውሎ አድሮ ከታች 40 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው። ከመቶ እጅም ሁለት ወይም ሦስት እጅ የባሕር ውሃ ቢቀላቀልበት፥ ጣፋጩ ውሃ ለመጠጥ የማይስማማ ይሆናል።

የአምስተርዳም ከተማ ከ1853 ጀምሮ የመጠጥ ውሃዋን በባሕር ዳር ከተከመረው የአሸዋ ኮረብታ ታስመጣ ነበር። ሕዝቡ እየበዛ ስለ ሄደ የሚቀዳው ከሚዘንመው በለጠ፤ ከ1903 ጀምሮም ከጥልቁ ይቀዳ ጀመር፤ ጨዉም ከበታች ወጣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጉድጓዱ አይደርቅም፤ ውሃውም አይደፈርስም፤ ስለዚህ ቀጂው አንዳች የጎደለበት አይመስለውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በመጨረሻም በ1957 የራይንን ወንዝ ውሃ እያጣሩ በቧንቧ አምጥተው፥ በአሸዋው ውስጥ እንዲሰርግ አደረጉ። ይህም ሥራ እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ከምድር ያለ ልክ የተወሰደ ውሃ ብድር ነውና ይከፈላል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎች በዓይናቸው ማሳየት ይቻላል። በብርጭቆ ጨው የበዛበት፥ በጥቂት ቡና የጠቆረ ውሃ አድርጉ፤ በላዩም ንጹሕ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ከዚያ በኋላ የመቃ ጫፍ ከጥቁሩ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሳቡ። ቀስ ብለው ሲስቡት ንጹሑ ይመጣል፤ አጥብቀው ሲስቡት ግን ንጹሑ ሳያልቅ ጥቁሩ ይነሣል።

እኛ ከባሕር ርቀን የምንኖር ነን፤ በአገራችን ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውሃ ቢገኝ፥ ጨዉ በብዙ ስፍራ ከድንጋዩና ከአፈሩ የመጣ ነው እንጂ ከባሕር አይደለም። ዳሩ ግን ከሚገባው በላይ የሚወጣበት ጉድጓድ በየትም አገር ይጎዳል። ስለዚህ ሽማግሌዎች በየወሩ የጉድጓዱን ውሃ ጥልቀት በገመድ ያስለኩ፤ መምህሩም ልኩን በመዝገብ ይጻፍ። ውሃው ከዓመት ዓመት እየራቀ መሄዱ በታወቀ ጊዜ፥ መንደሩ ተሰብስቦ ስለ አቀዳዱ ይምከር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።