የተበላ የካንዴላ ጥርስ መኪና አያስጥልም
በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከጋራዥ ክፍል የቀረበ ንግግር





ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች ስለ ግብይት፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው አብራርተዋል። እኔ ከጋራዥ የመጣሁ በመሆኔ የምናገረው 14 ሚሊሜትር ስፋት ስላላት አንዲት ቀዳዳ ነው። ይህች ቀዳዳ የካንዴላ መግቢያ ናት። ጥርሷ ሲበላ መኪና ይቆማል፤ መኪና ሲቆም ደግሞ ማዳበሪያና ዘር በወቅቱ አይደርስም። ዝናብ እንደሆነ የጋራዥን ቀጠሮ አይጠብቅም።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁት አሮጌው ዋዛችን በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ከመጡት መኪኖች አንዱ ነው። ዋዝ 469 በኡሊያኖቭስክ ከተማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በብዛት ሲመረት የቆየ ሲሆን፣ የቤንዚን ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። የሞተሩ ብሎክም ሆነ ቴስታታው ከአልሙኒየም የተሠራ ነው። አልሙኒየም ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ ያስተላልፋል። ነገር ግን ከካንዴላው ብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ቴስታታው ነው።

በአንድ የግብዓት ሥርጭት ወቅት የዚህ መኪና የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ዳገት ላይ ከቦታው ተፈንቅሎ ወጣ። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ መኪናው በጨረታ ይሸጥ የሚል ነበር። ሁለተኛው ሌላ ቴስታታ ተፈልጎ ይገዛ የሚል ነበር። የጋራዥ ክፍላችን ግን ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አስረዳ፤ ቴስታታው ተፈትቶ በቶርኖ እንዲጠገን ተወሰነ። መኪናውም ተጠግኖ በዚያው ወቅት ወደ ሥራ ተመለሰ። ይህ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ባስረዳ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ምልክቱን እንወቅ። ጥርስ በአንድ ቀን ተበልቶ አያልቅም። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ከካንዴላው ሥር ጭስ ጭስ የሚል የማፏጨት ድምፅ ይሰማል። በካንዴላው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ይታያል። ካንዴላው ሲጠብቅ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይያዝም። ሾፌር ከእነዚህ አንዱን ካየ መኪናውን ማቆም አለበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ከዚህ በመቀጠል ጉዳቱ ይለካል። የተበላው የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ከሆነ ቴስታታውን መበሳት አያስፈልግም። ስፋቱ 14፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር በሆነ ጥርስ ማውጫ በግራሶ ቀብቶ በጥንቃቄ ማስተካከል ይበቃል። መሣሪያው ከሌለ አንድ አሮጌ ካንዴላ ወስዶ ጥርሱን ከላይ ወደ ታች በሦስት ወይም በአራት ቦታ በመጋዝ መሰንጠቅ ይቻላል። ስንጥቁ ቆሻሻውን ይይዛል፣ የካንዴላውም ጥርስ የተጣመመውን ያቃናል።

ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ግን ቡሽንግ ያስፈልጋል። ቡሽንግ ማለት ውጭውም ውስጡም ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ ነው። ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ውጭውን በ18 በ1.5፣ ውስጡን በ14 በ1.25 አድርጎ ያወጣዋል። የቴስታታው ቀዳዳ በ16.5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይሰፋል፤ ከዚያም በ18ቱ ጥርስ ማውጫ ጥርስ ይወጣለታል። ከዚህ በፊት ግን በቀዳዳው ዙሪያ በቂ ውፍረት መኖሩ መለካት አለበት። መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ መግባቱም ወሳኝ ነው፤ ከተጣመመ ካንዴላው ተጣሞ ይቀመጣል፣ ጋዝም ያፈሳል። ቡሽንጉ ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ ተቀብቶ ይጠብቃል፤ ጫፉም በነጥብ መምቻ ተመትቶ እንዳይዞር ይደረጋል።

የቡሽንጉ ርዝመት ከመጀመሪያው ጥርስ ጋር እኩል መሆን አለበት። በዋዛችን ይህ 12 ሚሊሜትር ነው። ቡሽንጉ ወደ ማቃጠያው ክፍል ተርፎ ከገባ ግሎ ቤንዚኑን ያለጊዜው ያቀጣጥላል። ካጠረ ደግሞ ባዶ የቀረውን ቦታ ካርቦን ይሞላዋል፣ ካንዴላውም አልወጣም ይላል። በዚሁ አጋጣሚ ባለ 19 ሚሊሜትር ረጅም ካንዴላ በአጭሩ ቦታ እንዳይገባ አደራ እላለሁ፤ ፒስተኑን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል።

ቴስታታው ተፈትቶ ቢሠራ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ፍቅፋቂው ሲሊንደር ውስጥ አይወድቅም። መፍታት ካልተቻለ የሲሊንደሩ ሁለት ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ጥርስ ማውጫው በግራሶ ይሞላል፤ በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ፣ እየወጣና እየተጠረገ ይሠራል። በማግኔት አወጣዋለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ ማግኔት አልሙኒየምን አይስብም። የቀረው ፍቅፋቂ በቀጭን ቱቦ ይሳባል። ከዚያም ሁሉም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የኮይሉ ገመድ ተነቅሎ፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይሽከረከራል፤ አየሩ የተረፈውን ያስወጣል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው በቀዳዳው ፊት መቆም የለበትም።

አሁን ደግሞ ስለማይደረገው ልናገር። ካንዴላን በሙጫ ማጣበቅ፣ በፕላስቲክ ወይም በመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ መክተት፣ በኃይል አስገድዶ ማስገባት በየቦታው ይታያል። እስቲ እናስላው። በማቃጠያው ክፍል ያለው ግፊት 30 ባር ያህል ቢሆን፣ በዚያች 14 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ ወደ 47 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያርፋል፤ ይህም በየደቂቃው በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ሙጫ ይህን አይችልም። ካንዴላው ሲወጣ ከቀዳዳው የቤንዚን ጭጋግ ይረጫል፤ ገመዱ ደግሞ አጠገቡ እሳት ይተፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የመኪና ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ሕይወት ጉዳይ ነው።

ጥንቃቄውን በተመለከተ ጥቂት ነጥቦችን ላስታውስ። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲበርድ ነው። ከመፍታት በፊት በዙሪያው ያለው አቧራ ይነፋ። አልወጣም ካለ ዘይት ጠብ አድርጎ ጥቂት ቆይቶ ወደፊትና ወደኋላ ማላላት እንጂ መታገል አያስፈልግም። ሲገባ መጀመሪያ በጣት ይዙር። ጣት ካልደረሰ ቁራጭ የቤንዚን ጎማ በነጩ ሸክላ ላይ ሰክቶ ማዞር ይቻላል፤ ካንዴላው ተጣሞ ከገባ ጎማው ራሱ ያንሸራትታል፣ ጥርሱም ይተርፋል። መፍቻ የሚነሳው ካንዴላው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሮንዴላው አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ ያገለገለ ከሆነ ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። በመፍቻ እጀታ ላይ ቱቦ ጨምሮ ማጥበቅ ጉልበት እንጂ ሙያ አይደለም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደተባለው፣ በዚያ የተረፈችው ደቂቃ በኋላ ቀናትን ታስከፍላለች።

ውድ አባላት፣ ይህ ሁሉ የዩኒየኑ መኪና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየማኅበራችሁ የመስኖ ውኃ የምትስቡባቸው ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ቴስታታም በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። በበጋ ፓምፑ ቆሞ አንድ ሳምንት ቢያልፍ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለሆነም እያንዳንዱ ማኅበር ፓምፑን የሚይዝ አንድ ሰው እንዲመድብ፣ ካንዴላ የተፈታበትንና የተቀየረበትን ቀን በመዝገብ እንዲይዝ አሳስባለሁ። ጥርሱ ላልቶ ካያችሁም ሙጫ ሳትነኩ ወደ ጋራዣችን አምጡት። ሙጫ የገባበትን ቀዳዳ ለማጽዳት የሚፈጀው ጊዜ አንዳንዴ ከጥገናው ይበልጣል።